ወጥመድ ላይ የሚያድገው አባጨጓሬ

ነፍሳት አጥምደው የሚበሉ ዕፅዋት ሲነሱ ወሬው ሁሉ ስለተያዘችው ዝንብ ነው። ቅጠሉ እንዴት እንዳጣበቃት፣ እንዴት እንደተጠቀለለባት፣ እንዴት እንዳሟሟት ይተረካል። ያንኑ ቅጠል ከነሙጫው የሚበላ አባጨጓሬ መኖሩ ብዙም አይነገርም፤ ሲነገርም «በላተኛውን የሚበላ» ተብሎ እንደ ጉድ ይጠቀስና ይታለፋል። እንዲህ መታለፉ ይቆጨኛል። ነገሩ ያለው አበላሉ ላይ ነው። ምኑን አስቀድሞ፣ ምኑን አስከትሎ፣ በየት በኩል መጥቶ እንደሚበላ ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ የዝንቧን አሟሟት ብቻ ካየው ይልቅ ስለ ወጥመዱ አሠራር ብዙ ያውቃል።

የዚህ አባጨጓሬ እናት ቡክለሪያ ፓሉደም የምትባል የእሳት እራት ናት። ለሳይንስ መጀመሪያ የገለጻት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጀርመናዊ የነፍሳት አጥኚ ፊሊፕ ክሪስቶፍ ዜለር ነው። ከአውሮፓ ረግረጎች ጀምሮ እስከ ጃፓን ድረስ ትገኛለች። ቤተሰቧ ቴሮፎሪዴ ይባላል፤ እዚህ ላባ ክንፍ እያልኩ እቀጥላለሁ። ቤተሰቡ ከ1,000 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን የአብዛኞቹ ክንፍ የተሰነጠቀ ነው፦ የፊቱ ለሁለት፣ የኋላው ለሦስት። በየስንጣቂው ጠርዝ ረጃጅም፣ ፀጉር መሰል ቅርፊቶች ተደርድረዋል። ክንፉ ሲዘረጋ እነዚህ ቅርፊቶች ክፍተቱን ስለሚሞሉት መብረር ትችላለች፤ በረራዋ ግን ደካማና ዝግ ያለ ነው። ስታርፍ ክንፎቿን አጥብባ ወደ ጎን ትዘረጋለች፤ ከቀጭኑ ሰውነቷ ጋር ሆኖ የመስቀል ቅርጽ ይሠራል። እግሮቿ ከሰውነቷ አንፃር እጅግ ረጃጅም ናቸው፤ የኋላዎቹ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የወጡ እሾህ መሰል ጉጦች አሉ። የማያውቃት ሰው የደረቀ የሣር ስባሪ ነው ብሎ ያልፋታል።

ፓሉደም በቤተሰቡ ውስጥ ካሉት ትንንሾች አንዷ ናት። ክንፎቿ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ11 እስከ 13 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በአውሮፓ ብዙ ሰው የሚያውቃት ነጯ ላባ ክንፍ፣ ቴሮፎረስ ፔንታዳክቲላ፣ ከ26 እስከ 34 ሚሊሜትር ስለምትደርስ ከእርሷ ጋር ስትነፃፀር ግማሽ እንኳ አትሞላም። ቀለሟ ጠቆር ያለ ቡናማ ሲሆን በተሰነጠቁት የክንፏ ክፍሎች ላይ ቀጫጭን ነጣ ያሉ ምልክቶች አሉ። አባጨጓሬዋ የሚያድገው ድሮሴራ በሚባለው፣ ነፍሳትን በሙጫ አጥምዶ በሚበላው ተክል ላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ተክሉን ማወቅ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ዋናው ቀለቧ ድሮሴራ ሮቱንዲፎሊያ ነው። የሚበቅለው ውሃ በሚተኛበት፣ አሲዳማ በሆነና ንጥረ ነገር በተራቆተ ረግረግ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ስፋግነም የሚባለው፣ ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ውሃ የሚይዘው ለስላሳ አጭር ዕፅ በተነጠፈበት ቦታ። ቅጠሎቹ መሬት ላይ ክብ ሠርተው ይነጠፋሉ። እያንዳንዱ ቅጠል ረዘም ያለ ዘንግና ጫፉ ላይ 1 ሴንቲሜትር የማይሞላ ክብ ሰሌዳ አለው። በሰሌዳው የላይኛው ገጽ ላይ ቀያይ ፀጉሮች ቆመዋል፤ የእያንዳንዱ ፀጉር ራስ እጢ ነው፣ በእጢው ላይም የምታብረቀርቅ የሙጫ ጠብታ አለች። ቻርልስ ዳርዊን 31 ቅጠሎች ወስዶ እነዚህን ፀጉሮች ቆጥሯቸዋል፦ አማካዩ 192፣ ትልቁ 260፣ ትንሹ 130 ሆኖ አገኘው። መሃል ላይ ያሉት አጫጭርና ቀጥ ያሉ፣ ጠርዝ ላይ ያሉት ረጃጅምና ወደ ውጭ የተዘረጉ ናቸው።

ዳርዊን ተክሉን ማጥናት የጀመረው በ1860 ሲሆን ውጤቱን ያሳተመው በ1875 ነው። ከለካቸው ነገሮች ሁሉ የሚያስደንቀኝ የንክኪው ስሜት ነው። 0.000822 ሚሊግራም የምትመዝን የሰው ፀጉር ቁራጭ እጢው ላይ ስታርፍ ፀጉሩን ልታሳጥፈው ትችላለች። ከከፍታ የወደቀ የዝናብ ጠብታ ግን አያሳጥፈውም፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተነካ እጢም ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ተክሉ የሚመልሰው ደጋግሞ ለሚነካው ወይም ላዩ ላይ ለሚቆይ ነገር ነው። ይህ ለአደን የተመቻቸ ነው፤ የተጣበቀች ዝንብ ትታገላለችና። ከዚያ በኋላ ፀጉሮቹ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ መሃል መታጠፍ ይጀምራሉ፣ በሰዓታት ውስጥ ይጠቀለሉባታል። እጢዎቹ አሲድና ኢንዛይም ያፈሳሉ፤ ቅጠሉ ሥጋዋን አሟሙቶ ናይትሮጅኑን ይመጥጣል፤ ቀናት ቆይቶም ተመልሶ ይዘረጋል።

ሙጫው አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ሲሆን በውስጡ ከስኳር ሰንሰለቶች የተሠራ ዝልግልግ ነገር አለ። ሲጎተት ክር ይሠራል እንጂ በቀላሉ አይበጠስም። ትንሽ ነፍሳት የምትሞተው በመታፈን ነው፤ ሙጫው በሰውነቷ ጎንና ጎን ያሉትን የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ይደፍናቸዋል። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ አባጨጓሬም የሚተነፍሰው በጎኖቹ ባሉ ቀዳዳዎች ነው። ቆዳው ለስላሳ፣ አካሄዱም ዘገምተኛ ነው። በአካሉ ብቻ ቢመዘን ከዝንቧ ይልቅ የሚያዘው እርሱ መሆን ነበረበት።

የማይያዝበትን ምክንያት መጀመሪያ በደንብ ያሳዩት በአሜሪካ ፍሎሪዳ የሠሩት ተመራማሪዎች ቶማስ አይስነርና ጁሊያን ሼፐርድ ናቸው። በ1965 ያሳተሙት ጥናት የፓሉደምን የቅርብ ዘመድ፣ በዚያን ጊዜ ትሪኮፕቲለስ ፓርቩለስ ትባል የነበረችውንና ዛሬ በዚሁ በቡክለሪያ ወገን የምትመደበውን የሚመለከት ነው። አባጨጓሬዋ የሚበላው ድሮሴራ ካፒላሪስ የሚባለውን የድሮሴራ ዝርያ ነው። ከዚያ ወዲህ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች የራሷን የፓሉደምን አባጨጓሬ አበላል ተከታትለው በ2020 አሳትመዋል። ሁለቱ ጥናቶች የተሠሩት በተለያየ አህጉርና በተለያዩ ዝርያዎች ላይ ቢሆንም ያዩት ነገር አንድ ነው፦ አባጨጓሬው ሙጫውን ይልሰዋል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። አባጨጓሬው አንድን የሙጫ ፀጉር ሲያገኝ መጀመሪያ ጠብታዋን በአፉ ይመጥጣታል። ጠብታዋ ስታልቅ እጢው ባዶውን ይቀራል፤ ያኔ እጢውን ይበላዋል። ከዚያ የፀጉሩን ዘንግ እየቆረጠ ይወርዳል። አካባቢው ሲመለጥ የቅጠሉን ሰሌዳ ይገባበታል። እንዲህ እያለ ፊት ለፊቱ ያለውን ወጥመድ እያከሸፈ የሚራመድበትን መሬት በራሱ አፍ ያዘጋጃል። ቅጠሉ ላይ ቀደም ብላ ተይዛ የሞተች ነፍሳት ብትኖርም አይምራትም፤ አይስነርና ሼፐርድ አባጨጓሬው የነፍሳቱን ሬሳ ጭምር ሲበላ መዝግበዋል። ናይትሮጅን በጠፋበት ረግረግ ላይ ተክሉ ለራሱ ያጠመደው ሥጋ ትልቅ ሲሳይ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል ቢዛነፍ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ጠቃሚ ነው። መጀመሪያ ሰሌዳውን ልግመጥ ብሎ ቢገባ ጭንቅላቱ በዙሪያው ባሉ ጠብታዎች ይያዛል። እጢውን ከነጠብታው አንዴ ልንከስ ቢል አፉ ላይ ክር ይጎተታል፤ ጎረቤት ፀጉሮችም መልእክቱ ደርሷቸው ይታጠፉበታል። ጠብታውን አስቀድሞ መጨረስ አንደኛውን አደጋ ያስወግዳል። እጢውን ቶሎ መብላት ሁለተኛውን ይቀንሳል፤ ንክኪ የሚሰማው እጢው ነውና። እጢ የሌለው ፀጉር ግን ጨርሶ ሙት አይደለም። ዳርዊን የእጢዎቹን ራስ ቆርጦ ከጣለ በኋላ የቅጠሉ መሃል ሲነካ ራስ አልባዎቹ ፀጉሮች አሁንም ሲታጠፉ አይቷል። ስሜቱ ራሱ ላይ፣ እንቅስቃሴው ግርጌው ላይ ነው። አባጨጓሬው ዘንጎቹንም አለመማሩ በዚህ ዓይን ሲታይ ትርጉም አለው።

ሰውነቱ ላይ ያሉት ረጃጅም ፀጉሮችም ቦታ አላቸው። ቀጥ ብለው ወደ ውጭ ስለሚቆሙ፣ ከጎን የምትመጣ ጠብታ ቆዳው ጋ ሳትደርስ የፀጉሩ ጫፍ ላይ ትቀራለች። የመተንፈሻ ቀዳዳዎቹ ከሙጫው የሚርቁት በእነዚህ ፀጉሮች ርዝመት ልክ ነው።

ከአበላሉ እኩል መታየት ያለበት ነገር መንገዱ ነው። ድሮሴራ ሁሉ ነገሩ ሙጫ ይመስላል፤ አይደለም። ሙጫ ያለው የሰሌዳው የላይኛው ገጽና ጠርዙ ብቻ ነው። የቅጠሉ ሆድ ሙጫ የለውም። ሰሌዳውን ከመሃሉ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ሙጫ የለውም። ከመሃል ቀጥ ብሎ የሚወጣው የአበባ አገዳም ልሙጥ ነው። ስለዚህ ከአንድ ቅጠል ወደ ሌላው፣ ከቅጠሉም ወደ አበባው፣ ጠብታ ሳይነኩ መድረስ ይቻላል። አባጨጓሬው የሚያርፈው በእነዚሁ ቦታዎች ነው፤ የፍሎሪዳው ዝርያ የሚበላው በተለይ ሌሊት ነው። የሚፈልጉት ሰዎችም የሚስቱት ከዚህ የተነሳ ነው፤ ሁሉም የሚያየው የሚያብረቀርቀውን የላይኛውን ገጽ ነው።

ሙጫ የለመደ አባጨጓሬ ላባ ክንፎች ዘንድ እንግዳ አይደለም። የቤተሰቡ ብዙ ዝርያዎች የሚያድጉት ፀጉራምና አጣባቂ በሆኑ ዕፅዋት ላይ ነው። ማራስማርካ ሉኒዳክቲላ ኦኖኒስ የሚባለውን የባቄላ ዘመድ ትበላለች፤ የዚህ ተክል ብዙ ዝርያዎች ሲነኩ ይጣበቃሉ። ሜጋሎሪፒዳ ሉኮዳክቲለስ ደግሞ ፍሬው ልብስ ላይ የሚጣበቀውን ቦርሃቪያን ትበላለች። የእነዚህ ዕፅዋት ሙጫ ግን ለአደን የተሠራ አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ ድሮሴራን መብላት የጀመረው የዚህች ዝርያ ወገን ከባዶ አልተነሳም፤ ቀጭን ሰውነት፣ ረጃጅም ፀጉር፣ በሙጫ መካከል ቀስ ብሎ የመሄድ ልማድ ቤተሰቡ ዘንድ ቀድሞ ነበረ። አዲሱ ነገር ወጥመዱ መንቀሳቀሱ ነው።

ሌላም መሻገር የነበረበት ነገር አለ፦ መርዙ። ድሮሴራ ሮቱንዲፎሊያ ናፍቶኪኖን ከሚባሉት ወገን የሆኑ ውህዶች በቅጠሉ ውስጥ አሉት፤ ፕለምባጂን አንዱ ነው። እነዚህ ብዙ ነፍሳትን ያርቃሉ። አባጨጓሬው ግን ዕድሜውን ሁሉ ይህንኑ በልቶ ያድጋል።

ተክሉስ ምን ይሰማዋል? ተራ ተክል በነፍሳት ሲበላ ጃስሞኔት የሚባሉ ሆርሞኖችን ያመርትና መከላከያ ኬሚካሎቹን ያበዛል። ድሮሴራ እነዚህኑ ሆርሞኖች የሚጠቀምባቸው ዝንብ ሲይዝ ለማሟሟት ነው። በደቡብ አፍሪካው ድሮሴራ ካፔንሲስ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት ቅጠሉ ሲቆረጥ ወይም ሲወጋም ልክ ነፍሳት እንደያዘ ዓይነት የኤሌክትሪክ መልእክትና የፀጉር መታጠፍ ይታያል። መከላከያና አደን አንድ የምልክት መንገድ ይጋራሉ ማለት ነው። ጠላቱንና ምግቡን በዚህ ደረጃ መለየት የማይችል ተክል ላይ ጠላት ሆኖ መኖር ለአባጨጓሬው የተመቸ ይመስላል፤ ተክሉ ቢነቃበትም የሚያደርገው ነገር አባጨጓሬው አስቀድሞ እየላሰ ያከሸፈውን ነው።

አበባው ላይ ግን ተክሉ ሌላ መልስ አለው። በጃፓን የሚገኘው ድሮሴራ ቶካየንሲስ አበባው ሲነካ በደቂቃዎች ውስጥ ይከደናል። ለተክል ይህ እጅግ ፈጣን ነው። የፓሉደም አባጨጓሬ በአገዳው ወጥቶ አበባውንና በውስጡ ያለውን የዘር ማኅደር ይበላል። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2022 ባሳተሙት ጥናት ይህ ቶሎ መከደን አባጨጓሬው በዘር ማኅደሩ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። አንድ የተበላ ቅጠል በሌላ ይተካል፤ የተበላ የዘር ማኅደር ግን የዚያን ዓመት ልጆች ይዞ ይሄዳል። ተክሉ ፍጥነቱን ያዋለው የሚከፍለው በሚበዛበት ቦታ ላይ ነው።

ክንፍ ያወጣችው የእሳት እራትስ እንዴት አትያዝም? የአብዛኞቹ የእሳት እራቶችና ቢራቢሮዎች ክንፍ በቅርፊት የተሸፈነ ነው፤ ቅርፊቱም በቀላሉ ይነቀላል። አይስነርና ባልደረቦቹ በ1964 በሸረሪት ድር ላይ ባደረጉት ጥናት የእሳት እራቶች ድር ሲነካቸው ቅርፊታቸውን ለሙጫው ትተው እንደሚያመልጡ አሳይተዋል። ያው ነገር ድሮሴራ ላይም ይረዳል፤ በሙጫው ላይ ብናኝ ተለጥፎ ይቀራል እንጂ ክንፉ አይያዝም። ይህ ግን ገደብ አለው። ቅርፊት አንዴ ከተነቀለ አይተካም፤ ጠብታዎቹ ብዙና ትኩስ ከሆኑ ትንሽ የእሳት እራት ትያዛለች። ለዚህች ዝርያ ይበልጥ የሚጠቅማት ረጃጅም እግሮቿና የምታርፍበትን ቦታ መምረጧ ይመስለኛል።

የዓመት ዑደቷ ከተክሉ ጋር የተሳሰረ ነው። በደቡብ እንግሊዝ፣ በተለይ በዶርሴትና በሃምፕሻየር ረግረጋማ ሜዳዎች፣ በዓመት ሁለት ትውልድ ይኖራታል፤ አንደኛው በሰኔ አካባቢ፣ ሁለተኛው በነሐሴ አካባቢ በአውሮፓ አቆጣጠር። በአውሮፓ ሞቃት ወራት መጨረሻ የተጣሉት እንቁላሎች ተፈልፍለው አባጨጓሬዎቹ ገና ትንንሽ ሳሉ ብርድ ይገባል። ድሮሴራም በዚያን ጊዜ ቅጠሉን ጥሎ ወደ ጠባብ፣ ጥብቅ የክረምት እምቡጥ ይሰበሰባል፤ እዚህ ክረምት ስል የአውሮፓን የብርድ ወራት ማለቴ ነው። አባጨጓሬው ብርዱን የሚያሳልፈው እንዲሁ ትንሽ ሆኖ፣ ተክሉ ላይ ዝቅ ብሎ ነው። ፀደይ ላይ እምቡጡ ሲፈታ አዲሶቹ ቅጠሎች ገና ተጠቅልለው ሳሉ መብላት ይጀምራል። ሲያድግም ከ1 ሴንቲሜትር ብዙም አይዘልም። ከዚያ ሳይበላ ሳይሄድ ወደ ክንፋም የሚለወጥበት የፑፓ ደረጃ ይመጣል፤ ፑፓው በጭራው ጫፍ አገዳ ላይ ወይም በአቅራቢያው ባለ ዕፅ ላይ ተጣብቆ ይቆያል፤ በሐር የተሠራ ቤት የለውም።

ለመፈለግ የተሻለው አባጨጓሬውን መፈለግ ነው፤ ክንፋሟን ከረግረግ ላይ ለይቶ ማየት ከባድ ነው። 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ መነፅር ይበቃል። ጊዜው ዝናብ ከዘነበ ቢያንስ አንድ ሙሉ ደረቅ ቀን ካለፈ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ዝናብ ሙጫውን ያጥበዋል፣ ያን ጊዜ ሁሉም ቅጠል ደብዛዛ ስለሚሆን የተበላውን ካልተበላው መለየት አይቻልም። ደረቅ ቀን ካለፈ ጤነኛው ቅጠል እንደገና ያብረቀርቃል። ከሚያብረቀርቁት መካከል አንድ ሁለት ደብዛዛ ቅጠል ያለው ተክል ሲገኝ መነፅሩን አውጥቶ የፀጉሮቹን ራስ ማየት ነው። ቀዩ ራስ ኖሮ ጠብታው ብቻ ከጎደለ ዝናብ ወይም ድርቀት ነው። ራሱ ከሌለና ዘንጎቹ በተለያየ ቁመት ከተቆረጡ አባጨጓሬው አልፎበታል። ቀጥሎ ጥቃቅን ጥቁር ኩስ በቅጠሎቹ ዘንግ ግርጌ መኖሩን ማየት፣ ከዚያ ቅጠሉን በቀጭን የሣር ዘንግ ቀና አድርጎ ሆዱን መመልከት ነው። በጣት ማንሳት አያስፈልግም፤ ጣት ሙጫውን ይጠርጋል፣ ስስ ቅጠሉንም ይሰብራል። በቶሎ ካልታየ የአበባውን አገዳ ከታች እስከ እምቡጦቹ መፈተሽ ይበጃል።

የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። ቀንድ አውጣም ድሮሴራን ይበላል፤ የእርሱ ግን ሰሌዳውን ከነፀጉሩ ይጎርደዋል፣ የደረቀ የለሃጭ ፈለግም ይተዋል። ያረጀ ቅጠልም ይጠቁርና ራሶቹ ይረግፋሉ፤ ያረጁት ሁልጊዜ ከታችና ከውጭ በኩል ያሉት ስለሆኑ ከመሃል የወጣ ወጣት ቅጠል ላይ የሚታይ መመለጥ የበለጠ ይታመናል። ክንፋሟን ለማየት የሚሻለው ሞቃትና ነፋስ የሌለበት ቀን ወደ ማታ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ከዕፅዋቱ ብዙም ሳትርቅ ዝቅ ብላ ትበራለች። ነፋስ ካለ መጠበቁ ድካም ብቻ ነው።

ረግረግ ላይ መራመድ ራሱ ጉዳት አለው። አንድ ዱካ ስፋግነሙን ያጠልቀዋል፣ ውሃ ይሞላበታል፣ በዚያ ቦታ ያለው ድሮሴራም ከነአባጨጓሬው ይሰምጣል። ስለዚህ በአንድ መስመር ገብቶ በዚያው መውጣት፣ ለመንበርከክም ክብደት የሚያሰራጭ ሰፊ ጣውላ መያዝ ያስፈልጋል። አንድ ተክል ላይ ምልክቱ ከተገኘ ዝርያዋ መኖሯ ታውቋል፤ ረግረጉን ሙሉ ማሰስ የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው። በአውሮፓ ድሮሴራ ላይ የሚያድግ ሌላ ላባ ክንፍ ስለሌለ አባጨጓሬው ቅጠሉን ሲበላ የሚያሳይ አንድ ጥራት ያለው ፎቶ ለመለየት በቂ ነው።

አሳድጎ ማየት ለሚፈልግ ሰው ዋናው ሥራ ተክሉን ማሳደግ ነው፤ አባጨጓሬው በራሱ ይኖራል። ድሮሴራ በብዙ አገሮች በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ከችግኝ ጣቢያ የመጣ ተክል መጠቀም ግድ ነው። ማደጊያው ማዳበሪያ ያልተጨመረበት ፒት (ረግረግ ውስጥ በከፊል ብቻ በስብሶ የተከማቸ የዕፅዋት ቅሪት) እና የታጠበ የሲሊካ አሸዋ እኩል በእኩል ነው። ማሰሮው ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ይቀመጣል፤ ውሃው የዝናብ ወይም ማዕድኑ የወጣለት መሆን አለበት። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ማዕድን እየተጠራቀመ ሥሩን ይጎዳል፤ መጀመሪያ የሚታየው ምልክት ሙጫ መጥፋት ነው። ብርሃን ሲያንስም ቅጠሉ ይረዝማል፣ ቀዩ ቀለም ይጠፋል፣ ጠብታው ይቀንሳል። ለአንድ አባጨጓሬ አንድ ተክል አይበቃም፤ ቅጠሎቻቸው እንዲነካኩ የተጠጋጉ ቢያንስ ሦስት ተክሎች ቢኖሩ፣ አንዱ ሲመለጥ በቅጠሎቹ ዘንግ ተሻግሮ ይሄዳል። መሸፈኛው ወንፊት ጨርቅ ይሁን። በፕላስቲክ ወይም በመስታወት የተዘጋ ዕቃ ሁለት ችግር ያመጣል፦ ፀሐይ ሲያገኘው በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፣ ሌሊት ደግሞ ግድግዳው ላይ የሚጠራቀመው ጤዛ ትንሹን አባጨጓሬ ያሰምጠዋል፣ ሻጋታም ያመጣል። ውሃ ከላይ መርጨት አይገባም፤ ሙጫውን ያጥባል። ለክረምቱ ትውልድ ብርድ ያስፈልጋል። ሙቅ ቤት ውስጥ ያለ ተክል የክረምት እምቡጥ በጊዜው ስለማይሠራ የተክሉና የአባጨጓሬው ጊዜ ይዛነፋል፤ ውጭ፣ ከሚያሰምጥ ዝናብ ተከልሎ ማቆየት ይሻላል። ከፑፓው የእሳት እራት ሳይሆን ትንሽ ጥገኛ ተርብ ብትወጣ ጥፋቱ የአያያዝ አይደለም፤ ተርቧ እንቁላሏን የጣለችበት ገና ረግረጉ ላይ ሳለ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ረግረጉ ነው። ድሮሴራ ጥላ አይችልም፤ ናይትሮጅን ባነሰበት መሬት ላይ የሚኖረው ረጃጅም ዕፅዋት እዚያ ስለማያድጉ ነው። ከእርሻና ከመኪና ጭስ የሚመጣ ናይትሮጅን በዝናብ ሲወርድ ሣር ይበረታል፣ ድሮሴራውም ከሥሩ ይጠፋል። ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ሲወርድ፣ ፒቱ ተቆርጦ ለማገዶና ለአትክልት ሲወሰድ፣ በደረቀው ላይ ጥድ ሲተከል ውጤቱ ያው ነው። የእሳት እራቷ ደካማ በራሪ ናት፤ በደረቅ መሬት የተከበበ ትንሽ ረግረግ ላይ አንዴ ከጠፋች ከሌላ ቦታ መጥታ የመተካት ዕድሏ ጠባብ ነው። ተክሉ ተመልሶ እርሷ ሳትመለስ ልትቀር ትችላለች። ድሮሴራ ያለበትን ካርታ አይቶ የእሳት እራቷም አለች ብሎ መገመት ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ረግረግን መልሶ ማራስ ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን አሠራሩ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቦዮቹ በአንድ ጊዜ ሲደፈኑ ውሃው ከፍ ብሎ ለሳምንታት ይተኛል፤ በተለይ በክረምት ከሆነ፣ እምቡጦቹና በውስጣቸው ያሉት ትንንሽ አባጨጓሬዎች ከውሃ በታች ይቀራሉ። ተክሉ ይህን ሊቋቋም ይችል ይሆናል፤ አየር የሚተነፍሰው አባጨጓሬ ግን ለረጅም ጊዜ አይችልም። የሚሻለው ቦዮቹን ከላይኛው ተዳፋት ጀምሮ በክፍል በክፍል መድፈን፣ ውሃው ከመሬቱ ገጽ ጋር እኩል እስኪሆን ብቻ ማድረስ፣ ድሮሴራ የበዛባቸውን ጉብታዎች ደግሞ ለመጨረሻ ማቆየት ነው። ቀላል ግጦሽ ሣሩን ስለሚያሳጥርና ዘር የሚበቅልበትን ባዶ ፒት ስለሚከፍት ይጠቅማል፤ የከብቱ ቁጥር ሲበዛ ግን ኮቴው ረግረጉን ያቦካዋል። የከብቱን ቁጥር ለመወሰን በየዓመቱ በአንድ ወር፣ በዚያው ቦታ፣ የተመለጡ ቅጠሎች ያላቸውን ተክሎች ካልተነኩት ለይቶ መቁጠር በቂ መረጃ ይሰጣል፤ ክንፋሟን መያዝ አያስፈልግም።